ከባሕር ኤሊ ጋር በዋታሙ፦ ስኖርክሊንግ ለሚጀምር ሰው የተዘጋጀ መመሪያ

ከሞምባሳ ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ያህል በመኪና ከተጓዙ በኋላ፣ ማሊንዲ ከመድረስዎ በፊት በጌዴ በኩል ወደ ቀኝ የሚታጠፈው መንገድ ዋታሙ ያደርስዎታል። ዋታሙ የዓሣ አጥማጆች መንደር የነበረች፣ ዛሬ ሆቴሎችና የእንግዳ ማረፊያዎች የበዙባት የኬንያ ጠረፍ ከተማ ስትሆን፣ ከፊቷ የተዘረጋው ውኃ እ.ኤ.አ. በ1968 የባሕር ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተከልሏል፤ በአፍሪካ በዚህ መልክ ከተከለሉት ቀደምት የባሕር ክልሎች መካከልም ይቆጠራል። ይህ ጽሑፍ ዋኝቶ ለማያውቅ ወይም በመዋኛ ገንዳ ብቻ ለዋኘ፣ ነገር ግን የባሕር ኤሊ ሣር ስትግጥ በዓይኑ ማየት ለሚፈልግ ሰው የታሰበ ሲሆን፣ መቼ መሄድ፣ ምን መያዝ፣ ውኃው ውስጥ ከገቡ በኋላም እንዴት መሆን እንደሚሻል ያስረዳል። ለስኖርክሊንግ ጅቡቲ ከዋታሙ ይልቅ ለእኛ ቅርብ እንደሆነች አውቃለሁ፤ ቢሆንም ለጀማሪ የምመክረው ዋታሙን ነው።

ምክንያቱ ኮራል፣ ማለትም ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚገነቡት ድንጋይ መሰል ነገር፣ ነው። ከባሕሩ ዳር ራቅ ብሎ፣ ጠረፉን ተከትሎ፣ ሪፍ የሚባለው የኮራል ግንብ ተዘርግቷል። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣው ሞገድ በዚህ ግንብ ላይ ሲሰበር ነጭ አረፋው ከሩቅ ይታያል፤ ከግንቡ ወዲህ ያለው ውኃ ግን ወለሉ አሸዋና የባሕር ሣር የሆነ፣ በብዙ ቦታ ጥልቀቱ ከጥቂት ሜትር የማይበልጥ፣ ሐይቅ የሚመስል ባሕር ነው። አረንጓዴ የባሕር ኤሊ የምትባለው ዝርያ የምትመገበው ይህንኑ ሣር ስለሆነ፣ እርሷን ለማየት የአየር በርሜል ተሸክሞ ወደ ጥልቁ መውረድ አያስፈልግም። ፊትን ውኃው ውስጥ አድርጎ፣ በአፍ በተያዘ ቱቦ እየተነፈሱ መንሳፈፍ፣ ማለትም ስኖርክሊንግ፣ ይበቃል።

ሰዓቱን መምረጥ

ብዙ ጎብኚ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሆቴሉን በጥንቃቄ ይመርጣል፣ የአውሮፕላን ቲኬቱንም በርካሽ ያገኛል፤ ባሕሩ በስንት ሰዓት ጸጥ እንደሚል ግን አይጠይቅም። ጠዋት ኩሬ መስሎ የታየው ያው ውኃ ስድስት ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ የደፈረሰና የሚገፋ ባሕር ይሆናል፤ የቦታው ስም በመጽሔት ላይ «ጸጥ ያለ» ተብሎ መጻፉም ለዋናተኛው ምንም አይረዳውም።

በኬንያ ጠረፍ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከአንዱ ሙላት እስከሚቀጥለው ያለው ጊዜ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ስለሆነ የነገው ሙላት ከዛሬው 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። ልዩነቱም እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም፤ ጨረቃ ሙሉ በሆነችበትና አዲስ በተወለደችበት ሰሞን በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ከፍታ ከ3 ሜትር በላይ ይሆናል። የአገሩ ሰዎች ይህን ሰሞን ባምቩዋ ይሉታል። ጨረቃዋ ግማሽ ስትሆን ልዩነቱ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማጂ ማፉ፣ ማለትም «የሞተ ውኃ»፣ ይባላል። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው የጨረቃዋን ዕድሜ በጣቱ ቆጥሮ የትኛው ሳምንት እንደሚመች ሊነግርዎ ይችላል፤ ባያገኙ ግን የስልክ መተግበሪያዎችና በሆቴሎች የሚለጠፉት የሙላትና ጉድለት ሰንጠረዦች ሰዓቱንም ከፍታውንም በሜትር ያሳያሉ።

ውኃው ሲሞላ ሞገዱ በኮራሉ ግንብ ላይ ተሻግሮ ወደ ውስጥ ይገባል፤ አሸዋው ይነሣል፣ እይታውም ይጠፋል። ሲጎድል ግንቡ ወደ ውኃው ገጽ ይቀርብና ሞገዱን ደጅ ያስቀራል። ስለዚህ ለጀማሪ የሚሻለው፣ ውኃው መጉደሉን ከማብቃቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ አስቀድሞ ጀምሮ መሙላት ከያዘ በኋላ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ድረስ ያለው ጊዜ ነው። በባምቩዋ ቀናት ግን ጉድለቱ ከመጠን በላይ ስለሚሆን በኮራሉ አናት ላይ የሚቀረው ውኃ ከጉልበት ላያልፍ ይችላል፤ በዚህ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ሰው ኮራሉን በሆዱ ይፈገፍጋል፣ ኮራሉ ይሰበራል፣ ሰውየውም ይቆስላል። እኔ የምመርጣቸው ሙሉ ወይም አዲስ ጨረቃ ከመግባቷ በፊት ያሉትን ሦስት ቀናት ነው። በእነዚህ ቀናት ሰንጠረዡ የሚያሳየው ዝቅተኛ ከፍታ ልከኛ ነው፣ ጉድለቱም ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ገደማ ስለሚውል የቀኑ ነፋስ ከመበርታቱ በፊት ገብተው መውጣት ይችላሉ።

ስለ ሰዓት ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር። በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጠረው ልክ እንደ እኛው ነው፤ «ሳ ሞጃ አሱቡሂ» ማለት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ማለት ነው። ኬንያና ኢትዮጵያ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ስለሚገኙም የእጅ ሰዓት መለወጥ አያስፈልግም። ችግሩ ሰንጠረዡ፣ የሆቴሉ ማስታወቂያና የስልክ መተግበሪያው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸው ነው። የጀልባው ሰው በእንግሊዝኛ «ቴን» ካለዎ በእኛ 4 ሰዓት ማለቱ ነው፤ በስዋሂሊ «ሳ ኩሚ» ካለዎ ግን በእኛም በትክክል 10 ሰዓት ማለቱ ነው። እኔ በማውቃት ጥቂት ስዋሂሊ ኮርቼ ቀጠሮ ይዤ፣ ሰውየው ደግሞ የእንግዳ አቆጣጠር መስሎት በልቡ ተርጉሞልኝ፣ እርስ በርሳችን ስንጠባበቅ ባሕሩ ሞልቶ ያለቀበት ቀን አለ። ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ የምይዘው በሰዓት ሳይሆን «ውኃው መጉደሉን ከማብቃቱ አንድ ሰዓት በፊት» ብዬ ነው፤ ይህን ደግሞ የዋታሙ ጀልበኛ ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ጠረፉን የሚገዙት ሁለት ነፋሶች ናቸው። ካስካዚ የሚባለው ከሰሜን ምሥራቅ ከኅዳር እስከ መጋቢት ገደማ ይነፍሳል፤ ኩሲ የሚባለውና በርታ የሚለው ደግሞ ከደቡብ ምሥራቅ መጥቶ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ይቆያል። በኩሲ ወራት ባሕሩ ይነቃነቃል፣ ማዕበል የነቀለው ሣርም ዳሩ ላይ ይከመራል፤ ሚያዝያና ግንቦት ደግሞ ዋነኛው ዝናብ የሚጥልባቸው ወራት ናቸው። ውኃው የሚጠራው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ሲሆን፣ የፈረንጆቹ ገናና አዲስ ዓመት ሆቴሎቹን ስለሚሞሉ ለእኛ የሚመቸው ከጥምቀት ማግሥት እስከ የካቲት መጨረሻ ያለው ጊዜ ነው። በእነዚህ ወራት ውኃው 28 ወይም 29 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይደርሳል፤ ከሰውነት ሙቀት በታች ስለሆነ ግን አንድ ሰዓት ያህል የቆየ ሰው መንቀጥቀጥ ቢጀምር አይገረም፤ ወጥቶ ፀሐይ መሞቅ ነው።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ በቀጥታ ወደ ሞምባሳ፣ ወይም በናይሮቢ በኩል ወደ ማሊንዲ ትንሽ አየር ማረፊያ መብረር ይቻላል። ጊዜ ያለው ሰው ናይሮቢ ላይ ወርዶ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረውን የሞምባሳ ባቡር ቢሳፈር ጻቮ የሚባለውን የዱር እንስሳት ፓርክ ሜዳ በመስኮት ያያል። ኢትዮጵያውያን ወደ ኬንያ ያለ ቪዛ ስንገባ የኖርን ቢሆንም እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የመግቢያ ፈቃድ ሥርዓቱ ስለተለዋወጠ፣ ቲኬት ከመግዛትዎ በፊት የኬንያን መንግሥት ድረ ገጽ ይመልከቱ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድዎን ይያዙ። ጠረፉ የወባ አገር ነው፤ እንደ አዲስ አበባ ያለ ደጋ የኖረ ሰው ለወባ የለመደ ሰውነት ስለሌለው የመከላከያ መድኃኒት ጉዳይ ከሐኪም ጋር አስቀድሞ መነጋገር አለበት።

የፓርኩን መግቢያ የሚያስከፍለው የኬንያ ዱር እንስሳት አገልግሎት ነው። ክፍያው በመንግሥት የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት በኩል ስለሆነ ጥሬ ገንዘብ ይዞ መቅረብ አያዋጣም፤ በስልክዎ ወይም በካርድዎ መክፈል እንዲችሉ ከአንድ ቀን በፊት ያዘጋጁት፣ አለዚያ ውኃው እየጎደለ እርስዎ ከኢንተርኔት ጋር ሲታገሉ ያረፍዳሉ። የጀልባውን ዋጋ ከመሳፈርዎ በፊት ይስማሙ፤ የፓርኩ መግቢያ በዋጋው ውስጥ መካተት አለመካተቱን፣ ማስክና የመንሳፈፊያ ጃኬት መኖሩንም ይጠይቁ። ከኬንያ በኩል ሌላ ሊዘነጋ የማይገባው ሕግ አለ፦ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2020 ጀምሮ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሏቸውን ፕላስቲኮች፣ የውኃ ጠርሙስን ጨምሮ፣ ወደ ተከለሉ ስፍራዎች ይዞ መግባት ክልክል ነው። የሚሞላ ኮዳ ይያዙ።

ማስክ፣ ቱቦና ልብስ

ከዕቃዎቹ ሁሉ ቀኑን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም ማስኩ ነው። ገመዱን ወደ ፊት ገልብጠው ማስኩን ፊትዎ ላይ ያስደግፉ፣ በአፍንጫዎ ትንሽ አየር ይሳቡና እጅዎን ይልቀቁ። ሳይወድቅ ከቆየ ልክዎ ነው፤ ከወደቀ፣ ገመዱን የቱንም ያህል ቢያጠብቁት ውኃ ያስገባልና ሌላ ይሞክሩ። በጎማው ጠርዝ ሥር የገባች አንዲት የፀጉር ዘለላ ውኃ ማስገባቷ አይቀርም። ሹሩባ የተሠሩ ሴቶች ግንባራቸው ላይ ያለውን ፀጉር በጥንቃቄ ወደ ኋላ ማድረግ አለባቸው፤ ጢማቸው የበዛ ወንዶች ከአፍንጫ በታች ያለውን ቢላጩት ወይም ቫዝሊን ቢቀቡት ይሻላል። የራስ ማስክ ይዞ መሄድ ከሻንጣ ብዙ ቦታ አይወስድም፤ በኪራይ የሚሰጡት ብዙ ፀሐይ የመታቸው ስለሆኑ ጎማቸው ደርቋል።

መስታወቱ በትንፋሽ እንዳይሸፈን የሚደረገው ዘዴ ለብዙ ሰው ያስቃል፤ ነገር ግን ከሚሸጡት ፈሳሾች አያንስም። መስታወቱ ደረቅ ሳለ ከውስጥ በኩል ምራቅዎን ይቀቡት፣ በጣትዎ ያዳርሱት፣ በባሕር ውኃ አንድ ጊዜ ብቻ ለቅለቅ አድርገው ወዲያው ያጥልቁት። አዲስ የተገዛ ማስክ ግን ከፋብሪካ የወጣበት ቅባት ስላለው ከጉዞው በፊት በጥርስ ሳሙና ሁለት ሦስት ጊዜ መታሸት አለበት። ፊትን በሙሉ የሚሸፍነው አዲሱ ዓይነት ማስክ ለጀማሪ ቀላል ይመስላል፤ እኔ አልወደውም። ውኃ ሲገባበት ወይም ትንፋሽ ሲያጥር በፍጥነት አውልቆ አፍን ነጻ ማድረግ ያስቸግራል።

እንደ ዳክዬ እግር የሚሰፋው የጎማ ጫማ፣ ፊን፣ ከተረከዝ የማይላቀቅና ጣት የማያጨናንቅ ይሁን። ለፀሐይ መከላከያ ከቅባት ይልቅ ልብስን አምናለሁ፦ ሰውነት ላይ የሚጣበቅ እጅጌው ረጅም የዋና ሹራብና እስከ ጉልበት የሚደርስ ቁምጣ። ፊትን ወደ ታች አድርጎ የሚንሳፈፍ ሰው የሚቃጠለው ጀርባው፣ ማጅራቱና የባቱ ኋላ ነው፤ ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል፣ ማታ ብርድ ልብስ ሲነካው ይታወቀዋል። ቅባት መቀባት ካለብዎ ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የሚባሉት ኬሚካሎች የሌሉበትን ይምረጡ፤ ኮራልን ይጎዳሉ በሚል ሥጋት ሃዋይ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ እነዚህ ያሉባቸው ቅባቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጡ አድርጋለች።

ባሕር ከመግባት በፊት መለማመድ

ስኖርክሊንግ የዋና ችሎታ ያህል ረጋ ብሎ የመተንፈስ ችሎታ ይጠይቃል። ይህን ደግሞ ከአገር ሳይወጡ መማር ይቻላል። በአዲስ አበባ ሆቴሎች መዋኛ ገንዳ፣ በሶደሬ ወይም በላንጋኖ ዳር ወገብ የሚደርስ ውኃ ውስጥ ቆመው፣ ማስኩንና ቱቦውን አድርገው፣ ፊትዎን ብቻ ይንከሩ። የላንጋኖ ውኃ ቡናማ ስለሆነ የሚያዩት ነገር የለም፤ ለልምምድ ግን ምንም አይልም። መጀመሪያ ላይ ደረት ይጨንቃል፣ አእምሮም «ውኃ ውስጥ አይተነፈስም» እያለ ይከራከራል። ቀስ ብለው በረጅሙ ወደ ውጭ መተንፈስ ላይ ያተኩሩ፤ ወደ ውስጥ መሳቡ ራሱ ይመጣል። ሃያ ትንፋሽ ሳይቋረጥ መቁጠር ሲችሉ እግርዎን ከመሬት ያንሡና ይንሳፈፉ።

ቀጥሎ ሁለት ነገሮችን ይልመዱ። የመጀመሪያው ቱቦው ውስጥ የገባ ውኃን ማስወጣት ነው፦ «ቱ!» እንደሚባለው በአንድ ኃይለኛ ትንፋሽ ወደ ላይ ይረጩት፣ የሚቀጥለውንም አየር በጥንቃቄ ይሳቡ። ሁለተኛው ማስኩን ማፍሰስ ነው፦ ራስዎን ቀና አድርገው የማስኩን የላይኛውን ጠርዝ በጣትዎ ግንባርዎ ላይ ይጫኑትና በአፍንጫዎ ይተንፍሱ፤ ውኃው በታች በኩል ይወጣል። እነዚህን ገንዳ ውስጥ አሥር ጊዜ ያደረገ ሰው ባሕር ላይ አይደነግጥም፤ በስኖርክሊንግ ላይ የሚደርሱ ብዙ አደጋዎች ደግሞ ከድንጋጤ የሚነሡ ናቸው። ዋና የማይችል ሰው የመንሳፈፊያ ጃኬት ለብሶ፣ መቆም በሚችልበት ውኃ ውስጥ፣ አስጎብኚ አጠገቡ ይዞ ኤሊ ማየት ይችላል፤ በዚህ የሚያፍርበት ምክንያት የለም። የልብ ሕመም ወይም አስም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይግባ።

ከኤሊዋ ጋር

ባሕር ውስጥ ብቻዎን አይግቡ። ከጓደኛዎ ጋር በክንድ ርቀት ሆናችሁ በየጥቂቱ ቀና እያላችሁ ዳሩንና ጀልባውን ተመልከቱ። ፊን ያጠለቀ ሰው ወደ ፊት ሲራመድ ስለሚደናቀፍ ወደ ኋላ እየተራመዱ፣ አሸዋውን በእግር እየፈተጉ መግባት ጥሩ ነው፤ አሸዋ ውስጥ የተቀበረ ሬይ የሚባል ዝርግ ዓሣ ካለ ድምፁን ሰምቶ ይሸሻል።

ኤሊ ፍለጋ መዋኘት ብዙ ጊዜ አያስገኛትም። ኮራሉ አልቆ የሣሩ መስክ በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ይንሳፈፉና ይጠብቁ። ኤሊዎች ከላይ ሲታዩ ቡናማ ድንጋይ ይመስላሉ፤ ድንጋዩ ላይ ሁለት ሦስት ትናንሽ ዓሦች እየተመላለሱ ሲለቅሙ ካዩ ድንጋይ ላይሆን ይችላልና ረጋ ብለው ይመልከቱ። ሌላው ምልክት ከውኃው በላይ ነው። ኤሊ እንደ እኛ በሳንባ የምትተነፍስ ስለሆነች ስትግጥ በየጥቂት ደቂቃው ወደ ላይ ትወጣለች፤ ራሷ ብቻ ብቅ ይልና የተነፋ ፊኛ እንደተለቀቀ ያለ አጭር ትንፋሽ ይሰማል። ጸጥ ባለ ጠዋት ይህ ድምፅ ከሩቅ ይደርሳል። ድምፁ ወደተሰማበት ግን አይሩጡ፤ ትንፋሿን ወስዳ ወደ ነበረችበት ሣር ትመለሳለችና ባሉበት ሆነው ይጠብቁ።

ሲያገኟት መጀመሪያ ማድረግ ያለብዎ መቆም ነው። ፊኑን አያወራጩ፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ ይሰብስቡ፣ ከጎኗ ሆነው እንድታይዎ ያድርጉ። ከኋላ መከተል ለእርሷ የአዳኝ አቀራረብ ነው፤ ከበላይዋ መንሳፈፍ ደግሞ የአየር መንገዷን መዝጋት ነው። ቢያንስ 3 ሜትር ይራቁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ርቀት ልትወስን የሚገባት እርሷ ናት። ካልፈራች ትግጣለች። በቅርብ የምትታይበት ያ ጊዜ ከሁሉ ይበልጣል፦ አንገቷን ወደ ጎን ታዘነብልና የሣሩን ጫፍ በመንጋጋዋ ትይዛለች፣ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ትቆርጠዋለች፣ ከሥሩ የአሸዋ ደመና ይነሣል፣ ያንን ደመና የሚጠብቁ ቢጫ ዓሦችም ዘለው ይገቡበታል። የፊት ክንፏን አሸዋው ላይ አስደግፋ አንድ እርምጃ ትቀጥላለች። በግ ስትግጥ አይቶ ላደገ ሰው እንግዳ የማይሆን አኳኋን ነው።

መብላቷን አቁማ ራሷን ካነሣች፣ ፊቷን ካዞረችብዎ ወይም በድንገት ፈጥና ከሄደች፣ ጉብኝቱ አብቅቷል ማለት ነው። አይከተሉ። በፍርሃት የምትሸሽ ኤሊ ለመተንፈስ ልትወጣበት ያሰበችውን ጊዜ ታሳልፋለች፣ ምግቧንም ታጣለች፤ በቀን ሠላሳ ጎብኚ ቢያሳድዳት ያን ሣር ትታ ትሄዳለች። እጅ ማሳረፍ በኬንያ የዱር እንስሳት ሕግ ጭምር የሚያስጠይቅ ነው። ሌሎች ሰዎች ከብበዋት ካገኙም ተራዎን በሩቅ ይጠብቁ። ፎቶ አንሺዎች በዱላ ጫፍ የታሰረ ካሜራ ፊቷ ላይ ሲደቅኑ አይቻለሁ፤ ከዚያ የሚገኘው ሥዕል ብዙ ጊዜ የኤሊ ጀርባ ነው።

ያዩዋት የትኛዋ እንደሆነች ማወቅ ከፈለጉ ግንባሯን ይመልከቱ። አረንጓዴዋ ኤሊ ክብ ፊትና በዓይኖቿ መካከል አንድ ጥንድ ቅርፊት አላት፤ ስሟም የመጣው ጀርባዋን ከሸፈነው ድንጋይዋ ቀለም ሳይሆን ከስቧ አረንጓዴነት ነው። ጭልፊት አፍ ያላት፣ በእንግሊዝኛ ሆክስቢል የምትባለው፣ አፏ ሾጣጣ፣ በዓይኖቿ መካከል ያለው ቅርፊት ሁለት ጥንድ፣ የድንጋይዋ ጠርዝም እንደ መጋዝ የተሰነጣጠቀ ነው፤ እርሷን በሣሩ ላይ ሳይሆን በኮራሉ ስንጥቅ ውስጥ ስፖንጅ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ስትነቅል ያገኟታል። በኬንያ ውኃ አምስት ዝርያዎች ቢታዩም ስኖርክሊንግ የሚያደርግ ሰው በብዛት የሚገጥሙት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ምንም ኤሊ ሳያዩ የሚወጡበት ቀንም አለ። ለዚህ ነው ቢያንስ ሦስት ጠዋቶችን መመደብ የሚገባው።

አንዳንድ ጀልበኞች ዓሦቹ እንዲሰበሰቡ ዳቦ ይበትናሉ፤ ለእንግዳ ደስ እንዲለው ብለው የሚያደርጉት ነው። በትሕትና «አያስፈልግም» ይበሉ። በኮራሉ ላይ የሚበቅለውን አልጌ መብላት የሚገባው ዓሣ ዳቦ ሲለምድ ኮራሉን የሚያጸዳው ይጠፋል፤ የዋታሙ ኮራል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 በደረሰው የባሕር ሙቀት ክፉኛ ተጎድቶ የነበረ ነው።

የሚያስፈሩ ነገሮች፣ በልካቸው

ሻርክን የሚፈራ ሰው ብዙ ነው፤ በኮራሉ ግንብ ውስጥ ግን የሚጎዱት ትናንሾቹ ናቸው። የባሕር ጃርት ጥቁርና ረጅም እሾህ አለው፤ በጉድለት ሰዓት ኮራል ላይ በባዶ እግር የሄደ ሰው ይረግጠዋል። ድንጋይ መስሎ የሚቀመጠውና ስቶንፊሽ የሚባለው ዓሣ ደግሞ መርዘኛ ነው። መፍትሔው ሶሉ ወፍራም የውኃ ጫማ ማድረግና በኮራል ላይ አለመቆም ነው። ስቶንፊሽ የወጋው ሰው የተወጋውን እግር ቆዳ በማያቃጥልና ከ45 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሮ ሕመሙ እስኪበርድ ማቆየት፣ ጊዜ ሳያጠፋም ሐኪም ቤት መሄድ አለበት። በቅርፁ የሚያምር ዛጎል አያንሡ፤ ከውስጡ የሚናደፍ ነዋሪ ያለው አለ፣ ባይኖረውም ከፓርክ ዛጎል ማውጣት ክልክል ነው።

ከሁሉ የምጠነቀቀው የሚዳ ክሪክ አፍን ነው። ሚዳ ማንግሮቭ የሚባለው በጨው ውኃ የሚበቅል ዛፍ የከበበው ሰፊ የባሕር ሰርጥ ሲሆን፣ ውኃው ሲጎድል ያን ሁሉ ውኃ በጠባቡ በር በኩል ወደ ባሕር ይለቅቀዋል። ያን ጊዜ ጎበዝ ዋናተኛንም ይዞ ይሄዳል። እዚያ የሚገባው ከሚያውቅ ሰው ጋር፣ ሙላቱ ወይም ጉድለቱ ቆም በሚልበት አጭር ጊዜ ብቻ ነው። ጅረት ከወሰደዎ ፊት ለፊት አይታገሉት፤ ወደ ጎን ይዋኙ፣ እጅዎን አንሥተው ያውለብልቡ፣ ይንሳፈፉ። ትንፋሽ አጠራቅመው ወደ ታች መጥለቅ የሚያምርዎ ከሆነም በተከታታይ በፍጥነት እየተነፈሱ አይዘጋጁ፤ ሰውነት አየር እንዳነሰው የሚያውቅበትን ምልክት ያጠፋና ውኃ ውስጥ ራስን ያስታል።

ከባሕሩ ከወጡ በኋላ

በስዋሂሊ የባሕር ኤሊ «ካሳ» ትባላለች። በዋታሙ ደግሞ ካሳ በእኛ ትርጉሙም አለ። ሎካል ኦሽን ኮንሰርቬሽን የሚባለው የአካባቢው ድርጅት፣ መረቡ ውስጥ ኤሊ የገባችበት ዓሣ አጥማጅ ገድሎ ከመሸጥ ይልቅ ስልክ እንዲደውል ያደርጋል፤ ሠራተኞቹ መጥተው ይመዝኗታል፣ ይለኳታል፣ ደኅና ከሆነች ምልክት አድርገው ይለቋታል፣ ዓሣ አጥማጁም ላጠፋው ጊዜና ለተቀደደው መረቡ መጠነኛ ክፍያ ያገኛል። ስለ ካሳ ካሳ ይከፈላል ማለት ነው። የታመሙትን የሚያክምበት ጣቢያም ስላለው አንድ ከሰዓት በኋላ ጎብኙት። ፕላስቲክ ወይም የዓሣ መንጠቆ የዋጡ፣ ቆዳቸው ላይ ዕባጭ የወጣባቸው ኤሊዎች በገንዳ ውስጥ ይታያሉ። አንዳንዷ ጀርባዋ ከውኃው በላይ ቀርቶ፣ ለመጥለቅ ክንፏን እያወራጨች ሳይሆንላት ትንሳፈፋለች፤ ሆዷ ውስጥ የተዘጋ አየር ወደ ታች አያወርዳትም። ይህን አንድ ጊዜ ያየ ሰው ባሕር ላይ እንዲህ ያለች ኤሊ ሲገጥመው «ፀሐይ ትሞቃለች» ብሎ አያልፋትም፤ ለጀልበኛው ነግሮ ለድርጅቱ ያስደውላል።

ማታ በባሕሩ ዳር ሲሄዱ እንቁላል ልትጥል የወጣች ኤሊ ሊያገኙ ይችላሉ። የእጅ ባትሪና የስልክ መብራት ያጥፉ፣ ከፊቷ ዞር ይበሉ፣ አሸዋውን መቆፈር እስክትጨርስ ዝም ብለው ይቀመጡ። መቶና ከዚያ በላይ እንቁላል ጥላ፣ ጉድጓዱን በኋላ ክንፏ ሸፍና ትመለሳለች፤ ጫጩቶቹ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ በሌሊት ይወጡና ብርሃን ወዳለበት አቅጣጫ ይጓዛሉ። በተፈጥሮ ያ ብርሃን ከባሕሩ በላይ ያለው ሰማይ ነው። ክፍልዎ ወደ ባሕር የሚያይ ከሆነ ከመተኛትዎ በፊት የበረንዳውን መብራት ያጥፉ፣ መጋረጃውንም ይዝጉ።